ቀሪ የሚፈለግበት ኮሌጅ

ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን፣ 40ኛ ጎዳና። ከብራያንት መናፈሻ ማዶ አንድ ሕንፃ አለ። አጥር የለውም፤ ኳስ ሜዳ የለውም፤ ዶርም የለውም። በበሩ የሚያልፍ ሰው የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት መስሎት ዞር ብሎም ላያየው ይችላል። ውስጡ ግን ኮሌጅ ነው። ያውም የከተማዋ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭር ስሙ ኪዩኒ፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ የከፈተው አዲስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ)። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ሲጀምር የተቀበለው ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችን ብቻ ነበር። በዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር በለገሰው ፋውንዴሽን ስም «ገትማን ኮሌጅ» ተባለ።

ስምንት ሚሊዮን ሕዝብ ባለባት ከተማ፣ ከ200 ሺሕ በላይ ተማሪ በሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 300 ልጅ መቀበል ባሕርን በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጠነሰስ ዩኒቨርሲቲውን ይመሩ የነበሩት ቻንስለር ማቲው ጎልድስታይን ያስጨነቃቸው ግን መግቢያው አልነበረም። የኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ በር ሁልጊዜም ክፍት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሁሉ ይገባበታል። ጭንቁ መውጫው ላይ ነበር። ተማሪው ይመዘገባል፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ይጀምራል፤ አንድ ሳምንት ይቀራል፤ ሁለት ሳምንት ይቀራል፤ ከዚያ የለም። ማንም አላባረረውም። ማንም «የት ጠፋህ?» ብሎ አልጠየቀውም። እኛ አገር በውጤት የተባረረ ተማሪ ቢያንስ ስሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍለት ነበር፤ እዚያ ግን ልጁ እንደ ጉም ተነነ።

ገትማን የተሠራው ይህን መትነን አስቸጋሪ ለማድረግ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስኮት ኤቨንቤክ በኢንዲያናፖሊስ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጉዳይ ሲመሩ የኖሩ ሰው መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። አመልካቹ ውጤቱን ልኮ የሚጠብቅ ብቻ አልሆነም፤ ስለ ኮሌጁ ገለጻ ላይ መገኘት፣ ከዚያም ከኮሌጁ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር ነበረበት። ይህ የማጣሪያ ፈተና አልነበረም፤ ልጁ ምን ውስጥ እንደሚገባ አውቆ እንዲገባ ነው። ቀጥሎም እኩዮቹ በሙቀቱ ወራት ባሕር ዳርቻ ሲንጋለሉ እርሱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወደ መሸጋገሪያ ፕሮግራም ይመጣል። ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ዓመትም የሙሉ ጊዜ ነው፤ «ማታ ማታ ሁለት ኮርስ ልያዝና ቀን ልሥራ» አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው ኮሌጁን ከሌሎቹ የሚለየው። ተማሪዎቹ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆነው ይቧደናሉ፤ ሦስቱ ቡድን አንድ «ቤት» ይሆናል። የቤቱ ልጆች ዓመቱን ሙሉ አንድ ላይ ይማራሉ። የአንድ ቤት መምህራንና አማካሪዎች ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ስብሰባው በትርፍ ጊዜ የሚደረግ በጎ ሥራ ሳይሆን ከመምህሩ የሥራ ሰዓት የሚቆጠር መደበኛ ሥራ ነው።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የስታቲስቲክሱ መምህር አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ እንደቀረ ያነሣሉ እንበል። የድርሰት መምህርቷ ያው ልጅ ጽሑፉን እኩለ ሌሊት ላይ እንደላከ ያስታውሳሉ። አማካሪው የልጁ እናት ሥራ እንደለቀቁና ልጁ የሌሊት ፈረቃ እንደጀመረ ሰምቷል። ሦስቱ ለየብቻ የያዙት ቁራጭ ምንም አይናገርም፤ አንዱ «ሰነፍ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «ግዴለሽ ነው» ትላለች። አንድ ላይ ሲገጣጠም ግን ልጁ እየወደቀ ያለው በሒሳብ ሳይሆን በእንቅልፍ ማጣት መሆኑ ይታያል። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ እነዚህ ሦስት ሰዎች ምናልባት በሕይወታቸው አይተዋወቁም።

ስለዚህ ስለ ትናንሽ ኮሌጆች ሲወራ ቶሎ የሚመጣው «ፍቅር»፣ «ቤተሰባዊ መንፈስ» የሚለው ቃል ነገሩን ያድበሰብሰዋል። ፍቅር አለ እንበል። ሥራውን የሚሠራው ግን መረጃ ነው፤ ማን እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ፣ ማን እንደሚደውልለት በሳምንቱ ውስጥ መታወቁ። ትንሽነት ይህን ያቀልለዋል እንጂ በራሱ አያመጣውም። ተማሪው ጥቂት ሆኖ ቀሪ የማይጠየቅበት የግል ኮሌጅ በየከተማው ሞልቷል።

ሁለተኛው የገትማን ውሳኔ ከትምህርቱ ይዘት ጋር የተያያዘ ነው፤ የኢትዮጵያ አንባቢንም ጆሮ የሚያቆም ነው። በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የቆየው አሠራር ተማሪው ሲገባ በሒሳብና በእንግሊዝኛ መፈተን፣ ካልቻለም «ሪሚዲያል» ክፍል መመደብ ነበር። ሪሚዲያል ገንዘብ ይበላል፣ ጊዜ ይበላል፣ ክሬዲት ግን አይሰጥም። ለዲግሪ የመጣ ልጅ የዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ፊቱ ላይ ሲደቀን «ኮሌጅ ገባሁ» ማለት ራሱ ያሳፍረዋል። ገትማን ይህን ክፍል ጨርሶ ሰረዘው። ደካማውም ጎበዙም ክሬዲት ያለው ስታቲስቲክስ ይማራል፤ ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልገው ልጅ ያንኑ ኮርስ ሰፋ ባለ ጊዜ ውስጥ ይወስደዋል፤ የጎደለው አልጀብራም በኮርሱ ውስጥ፣ ባስፈለገበት ቦታ ይሞላለታል።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ ያው ዩኒቨርሲቲ በሙከራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሦስት የኪዩኒ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ አልጀብራ ሪሚዲያል ያስፈልጋቸዋል የተባሉ 907 ተማሪዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተለመደውን ሪሚዲያል ወሰደ፤ ሁለተኛው ሪሚዲያሉን ከሳምንታዊ የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ጋር ወሰደ፤ ሦስተኛው ሪሚዲያሉን ዘሎ በቀጥታ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ገባ፤ እርሱም ማጠናከሪያ ነበረው። ከመጀመሪያው ቡድን ያለፈው 39 በመቶ፣ ከሁለተኛው 45፣ ከሦስተኛው 56 በመቶ ሆነ። «አይችሉም» የተባሉት ልጆች ከፍ ያለውን ኮርስ ከዝቅተኛው በተሻለ አለፉት።

ግን ትንሽ ኮሌጅ ውድ ነው፤ ገትማንም የታሰበለትን ያህል አላደገም። ታዲያ ያን የቅርብ ክትትል ወደ ትልቅ ተቋም ማስገባት ይቻል እንደሆነ ኪዩኒ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ሲሞክር ነበር። ፕሮግራሙ በአጭሩ «አሳፕ» ይባላል። በሺሕ የሚቆጠር ተማሪ ባለው ኮሌጅ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ እንደ መትከል ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ተማሪው የሙሉ ጊዜ ይማራል። በተለመደው አሠራር አንድ አማካሪ ከ600 እስከ 1,500 ተማሪ ሲደርሰው በአሳፕ ከ60 እስከ 80 ብቻ ይደርሰዋል። የገንዘብ እርዳታው ያልሸፈነው የትምህርት ክፍያ ይሰረዛል፤ መጽሐፍ በነጻ ነው። ከሁሉ ብልጡ ግን የባቡርና የአውቶቡስ ካርዱ ነው። ካርዱ በየወሩ በነጻ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ከአማካሪው ጋር ለተገናኘና የሚጠበቅበትን ለተወጣ ተማሪ ነው። ኒው ዮርክ ያለ ትራንስፖርት ካርድ አይኖርባትም። ስለዚህ አማካሪውን ማየት የማይፈልግ ልጅ ቢኖር እንኳ ካርዱን የማይፈልግ የለም። ስብከት የለ፣ ቁጣ የለ፤ ልጁ ለካርዱ ይመጣል፣ ከመጣ ደግሞ ይወራል።

ውጤቱን የመዘነው ኤምዲአርሲ የተባለው የምርምር ድርጅት ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና ሪሚዲያል የተመደበላቸው 896 ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመደበኛዎቹ የተመረቀው 22 በመቶ ገደማ ሲሆን ከአሳፕ ተማሪዎች 40 በመቶ ተመረቀ። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተሻገረው ደግሞ 17 በመቶ ከነበረበት ወደ 25 በመቶ ወጣ። በኋላ በኦሃዮ ሦስት ኮሌጆች ሲሞከርም የምሩቁ ቁጥር ከ19 በመቶ ወደ 35 በመቶ አደገ። በትምህርት ምርምር ዓለም እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታይም።

«ይኼ ሁሉ ወጪ!» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። አሳፕ በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ ተማሪ ወደ 16 ሺሕ ዶላር ተጨማሪ ወጪ አስወጥቷል። ሒሳቡ በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ሳይሆን በተመረቀው ሲካፈል ግን ይገለበጣል። ብዙ ስለሚመረቅ ለአንድ ዲግሪ የሚወጣው ገንዘብ ከመደበኛው ያነሰ ሆኗል። ቁም ነገሩ መንግሥት የሚገዛው ወንበር ነው ወይስ ምሩቅ የሚለው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከገንዘብ የበለጠ ሥር የሰደደ ነው። «ልጅን እያቀማጠሉ ማሳደግ ዩኒቨርሲቲ ላይ አያዋጣም፤ ዩኒቨርሲቲ እኮ መዋኛ ነው፤ ወርውረህ ነው የምታስተምረው» የሚል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ እንግዳ ቦታ በካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ፣ ከኔቫዳ ድንበር አቅራቢያ ይገኛል። ዲፕ ስፕሪንግስ ይባላል። ሉሲየን ኑን የተባለ ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ1917 የመሠረተው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ በጠቅላላ ከ30 አይበልጡም። ክፍያ የለም። ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ላም ማለብ አለ፤ አልፋልፋ ማጠጣት፣ ከብት መጠበቅ፣ ሳህን ማጠብ አለ። መምህራን ሲቀጠሩ፣ አዲስ ተማሪ ሲመረጥ ተማሪዎቹ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው ድምፅ ይሰጣሉ። ያላነበበ ልጅ ከአራት አምስት ሰው ክፍል ውስጥ የሚደበቅበት ጥግ የለውም። ከዚያ ወጥተው ዬልን፣ ቺካጎንና ሃርቫርድን የተቀላቀሉ ብዙ ናቸው። ድጋፍ ማለት ማቀማጠል ከሆነ ላም የሚያልቡት ልጆች አልሰሙም።

እርግጥ ዲፕ ስፕሪንግስ ምርጦችን መርጦ ይወስዳል፤ ገትማን ደግሞ የመጣውን ይቀበላል። ሁለቱን ማመሳሰል አይገባም። የሚጋሩት ነገር ግን አለ። ሁለቱም ዘንድ ተማሪው ከመምህር ጋር መነጋገርን ይለማመዳል፤ ይህ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ሲወራ የሚዘነጋው ትልቁ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ከገጠር ወረዳ የመጣ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያያል። «የኮንሰልቴሽን ሰዓት፦ ማክሰኞና ሐሙስ» ይላል። ወረቀቱን ማንበብ ይችላል። በሩን ማንኳኳት ግን ሌላ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መምህር የሚጠይቅ እንጂ የሚጠየቅ አልነበረም። «አልገባኝም» ማለት ክፍል ውስጥ መሳቂያ መሆን ነበር። መምህሩ ፊት ብቻውን ተቀምጦ «እዚህ ጋ ጠፋብኝ» ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ስለዚህ አያንኳኳም። ዶርም ተመልሶ የባለፈውን ዓመት ጥያቄና ሀንድአውት ከሲኒየር ይፈልጋል። መምህሩም ማክሰኞና ሐሙስ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ «የዘንድሮ ተማሪ መማር አይፈልግም» ይላሉ።

ትንሽ ኮሌጅ ይህን የሚፈታው በንግግር አይደለም፤ ማንኳኳቱን የኮርሱ አካል ያደርገዋል። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩን ቢሮ ሄዶ ማናገር እንደ ማንኛውም የቤት ሥራ ይታዘዛል። ድርሰቱ አንድ ጊዜ ተጽፎ ነጥብ የሚያገኝ ሳይሆን ሦስት ጊዜ እየተመለሰ የሚታረም ይሆናል። ኢሜይል ለመምህር እንዴት እንደሚጻፍ፣ የኮርስ ዕቅድ (ሲላበስ) እንዴት እንደሚነበብ፣ ኮርስ መቼ እንደሚጣል ይነገረዋል። ለተማሩ ወላጆች ልጅ እነዚህ በእራት ሰዓት የሚሰሙ ናቸው። እናቱ ጉልት ለምትነግድ ልጅ ግን ማንም ካልነገረው እስከ ምረቃው ቀን ላይደርሱት ይችላሉ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚለው ስም ከአዲስ አበባ ይልቅ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ሐበሾች ጆሮ የለመደው ነው። በሜሪላንድ ሞንትጎሞሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በአጭሩ «ኖቫ» የሚባለው ኮሌጅ ለብዙ አዲስ መጤ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያው የትምህርት ደጃፍ ነው። ቀን ፓርኪንግ እየሠራ፣ ማታ እንግሊዝኛ እየተማረ የጀመረ ስንት ሰው ዛሬ ነርስ ነው፣ አካውንታንት ነው። ሰርግና ለቅሶ ቤት ግን ስሙ ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ይላል። «ልጅሽ የት ገባ?» «ለጊዜው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው...» ይባላል፤ «ለጊዜው» የምትለው ቃል የይቅርታ መጠየቂያ ትሆናለች። ኖቫ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር «አድቫንስ» የሚባል ስምምነት አለው፤ ተማሪው ገና ኮሌጅ ሲገባ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው መንገድ ተሠምሮለት፣ አንድ አሠልጣኝ ተመድቦለት ይሄዳል። ሞንትጎሞሪም ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመሸጋገሪያ ፕሮግራም አለው። ስሙ ሲጠራ ድምፅ የሚቀንሱት ወላጆች ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ሁለት ዓመት በረከሰ ዋጋ፣ በጠበበ ክፍል መማር እንደ ውርደት ላይታያቸው ይችል ነበር።

እኛም ጋ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የተጀመረው በትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ስድስት ኪሎን ብቻ ያስባል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1942 ዓ.ም. አንድ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ያዘዙት ካናዳዊውን ሉሲየን ማትን ነበር። ማት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሲሆኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እዚህ የኖሩት ሃይማኖት ሊሰብኩ ሳይሆን ሊያስተምሩ ነበርና የሚለብሱትም እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ነበር። ትምህርቱ በ1943 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ተጀመረ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ታሪኩን ሲጽፍ መነሻው 33 ተማሪ እንደነበረ ይናገራል። የዛሬ አንድ ክፍል እንኳ አይሞላም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዋና ሥራ ልጆቹን ለዩኒቨርሲቲ ማዘጋጀት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እዚህ ጀምረው ዲግሪያቸውን ባሕር ማዶ የጨረሱ ነበሩ። ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ያገኘው በ1946 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ነው። ተማሪው አዳሪ ነበር፤ መኝታውም ምግቡም ግቢ ውስጥ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ቤቱን እንደናፈቀ፣ ማን ማታ መብራት እንደማያጠፋ ይታወቃል። የኮሌጅ ቀን ሲከበር ተማሪ ግጥሙን ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያነብብ ነበር። ያ መድረክ በኋላ ንጉሡን የሚያስቆጣ ግጥም የሚነበብበት ሆነ፤ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. ያነበበው «ደኃው ይናገራል» ለዚህ ይጠቀሳል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረ።

ያንን ዘመን እንደ ወርቅ ዘመን ማንሣት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ኮሌጁ ትንሽ የነበረው ትንሽነት ጥሩ ነው ተብሎ ታስቦበት ሳይሆን በአገሩ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበረ ነው። ከ33ቱ ውጪ የቀረውን ሚሊዮን ማንም አልጠየቀውም። ዛሬ ፈተናው የተገላቢጦሽ ነው። በር ላይ የቆመው ብዙ ነው።

የሚያልፈው ቁጥር ግን ያስደነግጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 29,909 ነበር፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። እየተሻሻለ መጥቷል፤ ቢሆንም በ2017ም ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ ከበሩ ውጪ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ባዶ ሊቀር የነበረውን ግቢ ለመሙላት፣ ልጆቹንም ለማዳን የሪሚዲያል ፕሮግራምን ጀመረ። ወደ መቁረጫው የተጠጉት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ፤ ለጥቂት ወራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይከለስላቸዋል፤ ተፈትነው ካለፉ ፍሬሽማን ይሆናሉ።

ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። 100 ሺሕ ልጅ ሁለተኛ ዕድል ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ፕሮግራሙ የጎደለውን እንደ ይዘት ብቻ ቆጥሮታል፦ ፊዚክስ ጎድሏል፣ ፊዚክስ ይሰጥ፤ ሒሳብ ጎድሏል፣ ሒሳብ ይሰጥ። ልጁ ግን ከፊዚክሱ ጋር ሌላም ነገር ተሸክሞ ነው የመጣው። ከቤቱ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። የተመደበበትን ከተማ ቋንቋ ላይችል ይችላል። «ሪሚዲያል ነኝ» ሲል ሲኒየሮቹ ፈገግ ይላሉ። የኒው ዮርኩ የ2013 ሙከራ የነካውም ይህን ነው። ትምህርት «ለደካሞች» ተብሎ ሲሰጥና «ለኮሌጅ ተማሪ» ተብሎ ሲሰጥ ልጁ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ ጥቂት ወር እጅግ አጭር ነው። በሦስተኛው ሳምንት መቅረት የጀመረ ልጅ በስድስተኛው ካልተገኘ ለእርሱ ፕሮግራሙ አብቅቷል።

እዚህ ላይ «አንድ ለአምስት» ትዝ የሚለው አንባቢ ይኖራል። ጎበዙ ደካሞቹን ይዞ እንዲያጠና የተባለበት አደረጃጀት ነበር። በወረቀት ላይ ከገትማን ቡድን ብዙም አይርቅም። ግን ከትምህርት ቤት እስከ ቀበሌ የፖለቲካ መቆጣጠሪያ መስሎ ስለታየ ሰው ጠላው፤ ጎበዙም የራሱን ጥናት ትቶ ያልተከፈለበት መምህር ሆነ። ሐሳብ አያያዙ ካልታወቀ እንዲህ ይበላሻል። ገትማን ውስጥ ልጆቹ አብረው ቢያጠኑም ቀሪውን የመከታተል ኃላፊነት በደመወዝተኛ አዋቂ ላይ ነው።

ገትማንም ነቀፌታ አያጣውም። ሲታቀድ ቁጥሩ ብዙ ሺሕ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ከኮቪድ በፊት እንኳ ከአንድ ሺሕ ብዙም አልራቀም። የሙሉ ጊዜ ግዴታው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩትን አዋቂ ተማሪዎች በር ላይ ያስቀራል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ማግሥቱ ነው። ሃያ አምስት ሰው ባለበት ክፍል ስሙ የሚጠራው ልጅ ወደ ሀንተር ወይም ወደ ባሩክ ኮሌጅ ሲሻገር መቶና ሁለት መቶ ሰው ያለበት አዳራሽ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚደውልለት የለም። አንዳንዱ የለመደውን ይዞ ራሱ በር ያንኳኳል፤ አንዳንዱ እንደገና ይጠፋል። ትንሹ ኮሌጅ ልጁን ያዘጋጀው ለዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ለራሱ ለትንሹ ኮሌጅ የሚለው ጥያቄ የሚፈተነው ያኔ ነው፤ የኮሌጁ ምረቃ ቀን ላይ አይደለም።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የገትማንን አማካሪ ቁጥር ለመቅጠር ገንዘብ የላቸውም፤ ይህ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ግን አላቸው። ካፌ የሚበላው ተማሪ ሁሉ ሚል ካርድ አለው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በር ላይ የቆመች ሠራተኛ ካርዱን ታያለች፤ ሳይበላ የቀረውን ካርድ ዓይቶ መለየት ይቻላል። በአንድ ግቢ ውስጥ ማን እንዳልበላ በቀን ሦስት ጊዜ የሚቆጠርበት ሥርዓት ለዓመታት ተዘርግቷል፤ የሚቆጠረውም እንጀራው ለበጀት እንዲመች ነው። ያው ልጅ ከክፍል ለሁለት ሳምንት መቅረቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ግን የዶርም ጓደኛው ነው፤ እርሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።